አምባዛ ይችለዋል

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ዓሣ ከሚሸጡ ሱቆች አንዱ ጋ ገብታችሁ «ካትፊሽ አለ?» ብትሉ፣ ባለሱቁ የሚያሳያችሁ መስታወት ላይ ተለጥፎ የሚውለውን ጥቁር ዓሣ ነው። ፕሌኮ ይባላል። አፉ መስታወት ላይ እንዲጣበቅ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ገንዳ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር እየላሰ ስለሚያነሣ ሰው «ጽዳቱ» እያለ ይገዛዋል። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ውቅያኖስ ተሻግሮ እዚህ ደርሷል። ከከተማው በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ የሚርቀው የራሳችን ካትፊሽ ግን ሱቁ ውስጥ የለም።

የራሳችን ካትፊሽ አምባዛ ነው። ጣና አለ፣ ዝዋይ አለ፣ አዋሽ ውስጥ አለ፣ ባሮ ውስጥ አለ። «አምባዛ ቤት ውስጥ ማኖር እፈልጋለሁ» ስትሉ ግን ሰው መጀመሪያ ይስቃል። «እሱ እኮ ለጥብስ ነው!» ይላችኋል። የምራችሁን መሆኑን ሲያይ ደግሞ አንድ ቃል ይጨምራል፦ «ለነገሩ አምባዛ ምንም ይችለዋል።»

ይቺን ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ ሰማኋት። የጠበበ ገንዳ ይችለዋል። ቆሻሻ ውሃ ይችለዋል። ብርዱንም ይችለዋል። ውሸት አይደለም፣ አምባዛ በእርግጥ ቻይ ዓሣ ነው። ችግሩ ያለው «ይችለዋል» ከተባለ በኋላ ማንም ሰው ሌላ ጥያቄ የማይጠይቅ መሆኑ ላይ ነው።

የእኔ አምባዛ የመጣው በ2014 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ነው። ያኔ የምንኖረው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ሰባት አባወራ የሚጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። አጎቴ ሹፌር ነው፤ ወደ ቆቃ ሲወርድ ለቤት የሚሆን ቀረሶ ይዞ ይመለሳል። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ቤት በየዓመቱ ይነሣል፣ ክርክሩ ሳያልቅ ዓሣው ያልቃል።) የዚያን ቀን ፌስታሉ ባዶ ሲሆን ከታች፣ ቅጠሉ ሥር፣ የመሀል ጣት የሚያክል ጥቁር ነገር ተወራጨ። እማዬ አይጥ መስሏት ወደ ኋላ ዘለለች። አጎቴ ሳቀና «የአምባዛ ጫጩት ነው፣ ከመረቡ ጋር የገባ» አለ። ከቆቃ ፒያሳ ድረስ በእርጥብ ፌስታል መጥቶ አልሞተም። ባልዲ ውስጥ ስንጨምረው አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ወደ ላይ ወጣና አየር ጎረሰ።

የሆነውን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። አምባዛ ከስንጥቡ (ጉሮሮው አካባቢ ካለው የውሃ መተንፈሻ) በተጨማሪ፣ ከጭንቅላቱ በስተኋላ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ የሚመስል ሌላ አካል አለው። በእሱ በቀጥታ ከአየር ይተነፍሳል። ጭቃ ሲደርቅ፣ ውሃ ሲታፈን፣ ሌላው ዓሣ ሲሞት እሱ የሚተርፈው በዚህ ነው። ዝናብ ባራሰው መሬት ላይ በደረቱ ክንፎች እየተደገፈ ከኩሬ ወደ ኩሬ መሄድም ይችላል።

መጀመሪያ ግን ማንነቱን ማረጋገጥ ነበረብኝ። «አምባዛ ነው» ማለት ቀላል ነው። በዓለም ላይ ከ3,000 በላይ የካትፊሽ ዝርያዎች አሉ፣ በኢትዮጵያ ወንዞች ውስጥም በርከት ያሉ ዓይነቶች ይኖራሉ። አንዳንዱ ከመዳፍ አያልፍም፣ አንዳንዱ ሰው ያክላል። ጣት የሚያክል ጫጩት ይዛችሁ የትኛው መሆኑን ካላወቃችሁ ምን ያህል ገንዳ እንደምታዘጋጁ በምን ታውቃላችሁ?

አራት ኪሎ ዓሣ የሚያጠና አንድ ተማሪ አገኘሁ። የመጀመሪያ ምክሩ «ቀለሙን እርሳው» የሚል ነበር። አምባዛ ብርሃንና ወለል አይቶ ይጠቁራል፣ ይነጣል፣ ይዥጎረጎራል። ጢም ቁጠር፤ ቀጥሎ ጀርባውን እይ፤ ከዚያ ጅራቱን። ይኸው ነው። እናንተም ብትሞክሩት ደስ ይላችኋል፣ እንዲህ ነው የሚሠራው፦

ጢሙ ስምንት ከሆነ፣ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋና እንደ አጥንት የጠነከረ ከሆነ፣ የጀርባው ክንፍ ደግሞ ከጭንቅላቱ ኋላ ጀምሮ ሳይቋረጥ እስከ ጅራቱ ሥር ከደረሰ፣ ጅራቱም ክብ ከሆነ አምባዛ ነው። ሳይንሱ ክላሪያስ ጋሪየፒነስ ይለዋል። ስሙን ያወጣለት በርቸል የተባለ እንግሊዛዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1822። «ጋሪየፒነስ» የመጣው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ካለው የጋሪየፕ ወንዝ ስም ነው።

ሁሉ ነገሩ አምባዛ መስሎ፣ የጀርባው ክንፍ ግን መሀል ላይ ካለቀና ከኋላው አጥንት የሌለው ሌላ የሥጋ ክንፍ ካለ፣ ሄትሮብራንከስ ነው። የአምባዛ የቅርብ ዘመድ ነው፣ እሱም በጣም ይገዝፋል።

ጢሙ ስምንት ሆኖ ጅራቱ እንደ መቀስ ከተሰነጠቀ፣ ረጅም የሥጋ ክንፍም ካለው ባግረስ ነው። ጫሞ ሐይቅ ውስጥ ይገኛል፣ አባይና ባሮ ውስጥም።

ጢሙ ስድስት ሆኖ፣ የታችኞቹ ጢሞች እንደ ላባ ከተቀረነፈፉ፣ የደረቱ እሾህ ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ ካለው ሲኖዶንቲስ ነው። ስትይዙት ያንን እሾህ ከመገጣጠሚያው ጋር እያፋተገ ይጮኻል። አዎ፣ የሚጮኽ ዓሣ አለ፣ ባሮ ውስጥ።

ጀርባው ላይ ዋናው ክንፍ ጨርሶ ከሌለ፣ ከጅራቱ አጠገብ አንዲት የሥጋ ክንፍ ብቻ ካለች ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ማላፕቴሩረስ ነው፣ የኤሌክትሪክ ካትፊሽ። እስከ 350 ቮልት ያመነጫል።

የእኔው ስምንት ጢም ነበረው፣ ክንፉም አልተቋረጠም። ከአዋሽ የመጣ አምባዛ። ተማሪው ስልኩን መለሰልኝና «እስከ አንድ ሜትር ከምናምን ይደርሳል፣ ታውቃለህ አይደል?» አለኝ። ጣት የሚያክለውን ዓሣ አሰብኩና ቤታችንን አሰብኩ። የቤታችን ስፋት አራት ሜትር በሦስት ነው።

የአገራቸውን ካትፊሽ ቤት ውስጥ በማኖር ብዙ ልምድ ካላቸው ሰዎች መካከል አውስትራሊያውያን ይገኛሉ። እዚያም የማንነት ጥያቄው ከባድ ነው። የእነሱ የወንዝ ካትፊሾች ብዙዎቹ ጅራታቸው እንደ እባብ ነው፤ የጀርባው ኋለኛ ክንፍ፣ ጅራቱና የፊንጢጣው ክንፍ ተያይዘው አንድ ይሆናሉ። ታንዳነስ የሚባለው እስከ ዘጠና ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ከሰሜኑ ወንዞች የሚመጣው ኒኦሲሉረስ ደግሞ ከእሱ በብዙ ያንሳል። ጫጩት ሳሉ ሁለቱን መለየት ባለሙያን ሳይቀር ያስቸግራል። እሾሃቸውም መርዝ አለው። ከእኛው ጋር ሳስተያየው አንድ ልዩነት ገረመኝ፦ ታንዳነስ እንደ አምባዛ አየር አይጎርስም። ውሃው ከታፈነ ይሞታል፣ በቃ። መሬ ዳርሊንግ በሚባለው ትልቁ የወንዝ ሥርዓታቸው ውስጥ ድሮ ሞልቶ የነበረው ታንዳነስ ዛሬ ተመናምኖ በሕግ ጥበቃ ሥር ገብቷል። ወንዱ ታንዳነስ ከጠጠር እስከ ሁለት ሜትር የሚሰፋ ክብ ጎጆ ሠርቶ እንቁላሉን ይጠብቃል። ስለዚህ እዚያ «ይችለዋል» የሚል ሰው ብዙም አይሰማም። የማይችል ዓሣ ባለቤቱን እንዲጠነቀቅ ያስገድደዋል፣ የሚችለው ግን ያዘናጋዋል።

ገንዳውን ያሠራሁት ሰፈራችን ካለ የመስታወት ቤት ነው። ቁመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 40 ሴንቲሜትር። ስታባዙት 240 ሊትር ይመጣል፣ 240 ሊትር ውሃ ደግሞ 240 ኪሎ ነው። የጣውላ ወለል ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቀመጥም፤ ስለዚህ አጎቴ የብረት ማቆሚያ አስበየደልኝ፣ እግሮቹም ጣውላውን ዘልቀው ድንጋይ ላይ እንዲያርፉ አደረግን። ከጎኑ የእህቴ ወርቃማ ዓሣዎች የሚኖሩበት ትንሽ ገንዳ ነበር።

ፒያሳ ላይ ዓሣ ማኖር ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይለያል። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር አካባቢ ነን። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከውጭ የመጣ መጽሐፍ «ለዚህ ገንዳ አንድ የአየር ፓምፕ ይበቃል» ሲል ለእኛ ከተማ እየተናገረ አይደለም። የቧንቧው ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬ፣ ከገፈርሳ ወይም ከጉድጓድ ክሎሪን ተጨምሮበት ይመጣል፤ ገንዳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በአፈ ሰፊ ዕቃ ቢያንስ አንድ ቀን ማሳደር ያስፈልጋል። የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ። አምባዛ የሚፋፋው ውሃው ወደ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። እኛ ቤት ማሞቂያ ካልተሰካ ውሃው ከ16 አያልፍም ነበር። በ16 ዲግሪ አይሞትም። ጥግ ይዞ ይተኛል፣ አይበላም፣ አያድግም።

አንድ የታኅሣሥ ሌሊት መብራት ሄዶ እስከ ጠዋት አልመጣም። ፓምፑ ቆመ። ነግቶ ሳይ ከአምስቱ ወርቃማ ዓሣዎች ሦስቱ ተንሳፈዋል። እህቴ አለቀሰች። አምባዛው በየጥቂት ደቂቃው ወደ ላይ እየወጣ አየሩን ጎርሶ ይመለሳል፣ ምንም እንዳልሆነ። የግቢው ልጆች ሊያዩ መጡ። አንዱ «እሱን ምንም አይገለውም» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ አምባዛው የግቢው ጀግና ሆነ። ልጆቹ ትል ቆፍረው ያመጡለት ጀመር፣ የሚበላበትን ሰዓትም ከእኔ በላይ አወቁት፤ ጀምበር ስትጠልቅ፣ መብራቱ ሳይበራ፣ ጢሞቹን እያወዛወዘ ይመጣል። ዓይኑ ትንሽ ነው፣ ዓለምን የሚያውቀው በጢሙ ነው።

ጀግናው የት ድረስ እንደሚችል ያየሁት በሁለተኛው ዓመት ክረምት ነው። ውሃ በፈረቃ ሆኖ ለሁለት ሳምንት ጠብ አላለም። በየሳምንቱ የገንዳውን ሲሶ እለውጥ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የተገኘችው ሁሉ ለመጠጥና ለወጥ ሆነች። ዓሣ የሚያስወጣው አሞኒያ ነው። ማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ብዙም ጉዳት ወደሌለው ናይትሬት ይለውጡታል። ዓሣው ሲገዝፍ ውሃው ካልተለወጠ ግን እነሱም አቅም ያንሳቸዋል። አምባዛው ይበላል፣ ይዋኛል፣ አየር ይጎርሳል። ማንም ቢያየው ደህና ነው ይላል። እኔ ግን ጢሞቹን ቆጠርኩ። ስምንቱም አሉ፤ የሁለቱ ጫፍ ግን ቀልቶ አጥሯል። ቆዳው ላይ ያለው ልስላሴ ቦታ ቦታውን ነጣ ብሏል። ቅርፊት የሌለው ዓሣ ከውሃው የሚለየው ያ ልስላሴ ብቻ ነው።

ውሃ ሲመጣ ጢሙ ቀስ በቀስ አገገመ። እኔ ጋ የቀረው ነገር ሌላ ነው። ወርቃማ ዓሣ ሲከፋው ይሞታል፣ ታውቃለህ። አምባዛ ሲከፋው ይኖራል። መከፋቱን የሚያውቀው ጢሙን የሚቆጥር ሰው ብቻ ነው።

እማዬ አምባዛ አትበላም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ይከለክላል፣ የእሷም እናት አትበላም ነበር። ስለዚህ ለእሷ ይህ ዓሣ ምግብ ሆኖ አያውቅም። «ይሄን የመሰለ ከይሲ ቤቴ አስገብተህ» እያለች ታማርራለች፣ እኔ ሳልኖር ግን መክደኛውን እሷ ናት የምታየው። አምባዛ ይዘላል። ገንዳው መክደኛ ያስፈልገዋል፣ መክደኛው ላይ ደግሞ ድንጋይ። ከመክደኛው ሥር የጣት ያህል የአየር ክፍተት መተው አለበት፣ ወደ ላይ ወጥቶ የሚጎርሰው ካጣ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሊታፈን ይችላል።

ከመጀመሪያው የተነጋገርነው ግማሽ ሜትር ሲሞላ ከመስታወቱ እንዲወጣ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ስለካው 48 ሴንቲሜትር ሆኗል። የገንዳው ወርድ ደግሞ 50 ነው፤ ሲዞር ጅራቱ መስታወቱን ይነካል። የግቢውን ሰዎች አነጋገርኩ። የጋራው ቧንቧ ጎን፣ ድሮ የእንጨት መደራረቢያ የነበረው ጥግ ላይ፣ ሁለት ሜትር በሦስት የሲሚንቶ ገንዳ እንድሠራ ሁሉም ፈቀዱ። ልብስ የሚያጥቡት እናቶች ሳይቀሩ። አንዷ ብቻ «ልጅ እንዳይገባበት አጥረው» አለችኝ። አራት ኩንታል ሲሚንቶ ገዝቼ አልጋዬ ሥር ደረደርኩ።

የካቲት ላይ ሰፈሩ ለልማት እንደሚነሣ ተነገረን። መጋቢት ላይ ግቢያችን አልነበረም።

በዚያ መሀል የነበሩትን ቀናት አብራችሁኝ የነበራችሁ ታውቃላችሁ። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «እናንተስ የት ደረሳችሁ?» ሰባቱ አባወራ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ሄደ። እኛ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን፣ አራተኛ ፎቅ። ውሃ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ይወጣል፣ ከዚያ በላይ በጀሪካን ነው። 240 ሊትር ማለት ደግሞ አሥራ ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው፣ በየሳምንቱ ሲሶውን ለመለወጥ አራት።

ስለ አምባዛው ሰው ሁሉ ምክር ነበረው። በጣም የተደጋገመው «ቀበና ልቀቀው፣ ይችለዋል» የሚለው ነው። መልሱ እውነትም «ይችለዋል» ሊሆን ይችላል። ቀበና ውስጥ የሚፈሰውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሽታውን ጭምር። አምባዛ እዚያ አየር እየጎረሰ የተወሰነ ጊዜ ሊቆይ ይችል ይሆናል። ከተማዋን የሚያቋርጡት ወንዞች ደግሞ ወደ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባሉ። ተይዞ ለሰው ማዕድ ቢደርስ ሥጋው ውስጥ ምን ተጠራቅሞ ይሆን?

ሌላው ምክር የአጎቴ ነበር፦ «ካመጣሁበት ቆቃ እመልሰዋለሁ።» ይሄኛው ልብ ይነካል። ቆቃ አገሩ ነው። የአዋሽ ወንዝ ተገድቦ ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1960 ከመሠራቱ በፊትም አባቶቹ እዚያው ነበሩ። ግን ሁለት ዓመት ከወርቃማ ዓሣ ጋር በአንድ ወንፊትና በአንድ ባልዲ ኖሯል። ወርቃማዎቹ የመጡት ከሱቅ ነው፣ ሱቁ ከውጭ ነው ያስመጣቸው። በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ይዞ ቢሆንስ? እሱ ይችለዋል። ቆቃ ያሉት ቀረሶዎች ይችሉት እንደሆነ ግን ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።

ገንዳ ጠበበ ተብሎ ወደ ወንዝ የሚለቀቅ ዓሣ በዓለም ላይ ያደረሰው ነገር ብዙ ነው። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ከእስያ የመጣ የአምባዛ ዘመድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከተያዘበት አምልጦ ዛሬም ዝናብ ሲዘንብ መንገድ ያቋርጣል። የእኛው አምባዛ ራሱ ለእርባታ ወደ እስያና ወደ ደቡብ አሜሪካ ተወስዶ፣ ከኩሬ እየወጣ የአገሬውን ዓሣ የሚበላ ወራሪ ሆኗል። ህንድ እርባታውን ከልክላለች። አፉ የሚችለውን ሁሉ ይበላል፣ አየር ይተነፍሳል፣ በጭቃ ይሄዳል። እዚህ የምናደንቅለት ነገር በሙሉ እዚያ የተከሰሰበት ነው። ቻይነቱ አብሮት ይዞራል፣ የሚሄድበትን ቦታ የሚወስነው ግን እሱ አይደለም።

በመጨረሻ የተገኘው ቦታ ቢሾፍቱ ነው። የአጎቴ ወዳጅ ግቢ ውስጥ ከሐይቁም ከወንዝም የማይገናኝ፣ መውጫ የሌለው የሲሚንቶ ገንዳ አለ። አራት ሜትር በስድስት፣ ጥልቀቱ እስከ ደረት። ሌላ ዓሣ የለውም። ከፒያሳ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ይሞቃል። ሰውየውን ሦስት ጊዜ በስልክ፣ አንድ ጊዜ በአካል ሄጄ ጠየቅኩት፦ ውሃው ከየት ይመጣል? ጎርፍ ሲመጣ ይሞላል ወይ? ትበላዋለህ ወይ? ለመጨረሻው ጥያቄ ሳቀና «እኔም እንደ እናትህ ነኝ» አለኝ።

ስንወስደው አጎቴ እርጥብ ጆንያ አቀረበ። «ሁለት ሰዓት ምን አላት፣ በፌስታል የመጣ ዓሣ አይደል እንዴ!» ልክ ነው፣ በጆንያም ይደርስ ነበር። እኔ ግን መክደኛ ያለው ሰፊ በርሜል ተውሼ ነበር። ሰውነቱን የሚሸፍን ውሃ፣ ከላይ ሰፊ አየር፣ እንዳይዘል ክዳኑ ላይ የብስና ቀዳዳ። ከግቢው ልጆች ቀድመው ያልሄዱት ሦስቱ በርሜሉን ይዘው እስከ መኪናው ሸኙት። ቢሾፍቱ ስንለቀው ወደ ታች ጠለቀና ጠፋ። ለግማሽ ሰዓት አላየነውም። ከዚያ ከገንዳው ማዶ፣ ከነበርንበት በጣም ርቆ፣ አየር ሲጎርስ ድምፁ ተሰማ።

አራቱን ኩንታል ሲሚንቶ አልተውኩትም። ኮንዶሚኒየሙ ሲሰጠን ወለሉ ሻካራ ነበር፣ ሲሚንቶው ለወለሉ ሆነ። የመስታወቱ ገንዳ አሁን በረንዳ ላይ ተገልብጦ እማዬ ጤና አዳም ትተክልበታለች።

ከእናንተ መሀል አምባዛ ማኖር የሚያምረው ካለ አላስቆመውም። ከፕሌኮው ይልቅ እሱን ብታዩ ስለ አገራችሁ ውሃ ብዙ ትማራላችሁ። ጫጩት ከፈለጋችሁ ሰበታ ያለው ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፣ የት እንደተወለደ ከሚያውቅ ሰው መጠየቅ ከገበያ ፌስታል ይሻላል። ግን ከመያዛችሁ በፊት አንድ ሜትር የሚሆነውን ዓሣ አስቡና ቦታውን ቀድማችሁ ፈልጉ። ለብቻው አኑሩት፣ አብሮት የሚገባውን ሁሉ ይበላዋል። ወለሉን በሻካራ ጠጠር ፋንታ በለስላሳ አሸዋ ሸፍኑለት፣ መደበቂያም ስጡት። ወንዝ ውስጥ አትልቀቁት፣ የመጣበት ወንዝ ቢሆንም። በየሳምንቱ ጢሙን ቁጠሩ።

እማዬ ጋ የድሮ ጎረቤቶቻችን ይደውላሉ። ንግግሩ ሁሌም አንድ ነው። «እንዴት ነው አዲሱ ሰፈር? ለመዳችሁት?» ይሏታል። «ይመስገን፣ ችለነዋል» ትላለች። እነሱም ከየሰፈራቸው እንደዚያው ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የዶሮ ማነቂያ ሰው ያልቻለው ምን አለ?

ባለፈው ስልኩን ስትዘጋ ጠየቅኳት። «እሺ መቻሉንስ ችለሽዋል፣ ተመችቶሻል ወይ?»

ቶሎ አልመለሰችልኝም። ጀበናውን አነሣች፣ ውሃውን በጆግ እየለካች ጨመረችበት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ በግምት አይቀዳም። ከዚያ «ቡናውን ከማን ጋር ልጠጣው ነው?» አለችኝ። ወንበሬን አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ሦስተኛውን ሳንጠጣ ከታች ፎቅ ያለችውን ሴትዮ ስም ነገረችኝ፤ ስሟን የሰማችው ደረጃ ላይ ጀሪካን ሲጋጭ፣ ሁለቱም ይቅርታ ሲባባሉ ነው። «ነገ ጥራት» አለችኝ።